አዲስ ሸራ ገብቶለትም የማይዝ የኋላ ፍሬን

«ጋሼ፣ በፈረንጆቹ 1972 የተሠራች ሆንዳ ሲቢ 350 ሞተር ሳይክል አለችኝ። የኋላ ፍሬኗ አልይዝ ሲለኝ ሁለቱንም ሸራ በአዲስ ቀየርኩ። ጭራሽ ባሰባት። ስረግጠው ስፖንጅ የረገጥኩ ይመስለኛል። ትንሽ ነድቻት ስወርድ ደግሞ ታምቡሮው ይግላል። ሸራው ፎርጅድ ይሆን?» ይላል የአንድ አንባቢ ጥያቄ።

ወንድሜ፣ ሊሆን ይችላል። ግን ሸራው ላይ ለመፍረድ አትቸኩል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆን። ሸራ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡሮ ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው፣ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ከእግርህ የተነሳው ጉልበት ፔዳሉን፣ ዘንጉን፣ ክንዱንና ካሙን (ሲዞር ሁለቱን ሸራዎች ወደ ውጭ የሚገፋውን ብረት) አልፎ ነው እሱ ዘንድ የሚደርሰው። መንገድ ላይ ከቀረ ሸራው ምን ያድርግ?

ስፖንጅ ያልከውን ልያዝ። የአንተ ፍሬን በዘንግ የሚጎተት ነው። ፈሳሽ የለውም፤ ስለዚህ አየር ገብቶበት ነው አንልም። እንደ ስፖንጅ የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር እየታጠፈ ነው ማለት ነው። ፔዳሉን ሌላ ሰው ይርገጥልህና አንተ ከጎን ቁጭ ብለህ እይ። ዘንጉ ጠማማ ከሆነ መጀመሪያ ራሱን ያቃናል፣ ከዚያ ነው የሚጎትተው። የፔዳሉ መዞሪያ ደርቆ ወይም ዝጎ ከሆነ እግርህ ከዝገቱ ጋር ሲታገል ይውላል። ይሄን ስልህ አትሳቅ። ሙሉ ፍሬን ፈትቼ፣ አጽድቼ፣ ገጥሜ ስጨርስ ጥፋቱ ግራሶ አይቶ የማያውቅ የፔዳል መዞሪያ ሆኖ ያገኘሁበት ቀን አለ።

አሁን ክንዱን ተመልከት። ካሙን የሚያዞረውን ማለቴ ነው። ፍሬኑ ጥርቅም አድርጎ ሲይዝ በዘንጉና በክንዱ መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ፣ ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ መሆን አለበት። ጠንካራ ቡሎን ስትፈታ ቁልፉን ቀጥ አድርገህ በጎን ነው የምትስበው እንጂ ወደ ርዝመቱ አይደለም፤ ነገሩ ያው ነው። ክንዱ 90 ዲግሪን አልፎ ከሄደ የቱንም ያህል ብትረግጥ ጉልበትህ በከንቱ ይባክናል።

ክንዱ ከካሙ ጋር የሚያያዘው በጥርስ ስለሆነ አንድ ጥርስ አውጥቶ ማዞር ቀላል ነው። ያለቀ ሸራን ለማስረዘም ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። ሸራው ሲሳሳ ካሙ ከልኩ በላይ ይዞራል፤ ተገልብጦ ከቀረ ጎማው እዚያው ይቆለፋል። ያንተ ሞተር 50 ዓመት አልፏታል። ከአንተ በፊት የያዛት ሰው ጥርሱን ነካክቶት ሊሆን ይችላል። አዲስ ሸራ ስታስገባ ክንዱን ወደ ቀድሞ ምልክቱ መልሰኸዋል? አብዛኞቹ ካሞች ላይ ነጥብ ወይም ጭረት አለ፤ ክንዱ ላይ ካለው ጋር ይገጣጠማል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጎማውን አውርድ። ግን አደራ፣ ውስጡ ያለውን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፋው። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁን ጣለው።

ታምቡሮው ላይ ጠመኔ ቀባ። ገጥመህ፣ ጎማውን በእጅህ እያዞርክ ፔዳሉን ቀስ አድርገህ ነካ ነካ አድርግና መልሰህ ፍታው። ሸራው ላይ ጠመኔው የት ነካ? እዚህ ላይ ነው ነገርህ የሚወጣ ይመስለኛል። ያረጀ ታምቡሮ በመታሸት ብዛት ሰፍቷል፤ አዲሱ ሸራ ደግሞ የተቀረጸው ለአዲስ ታምቡሮ ነው። ስለዚህ መሃሉ ብቻ ይነካና ጥቂት ጣት የምታህል ቦታ ብቻዋን ሞተሯን ላቁም ትላለች፤ አትችልም። በተቃራኒው ጫፍና ጫፉ ብቻ ከነካ ሸራውን የተሸከመው ብረት ስትረግጥ እንደ ቀስት ይለጠጣል። ስፖንጅ ያልከው ይሄ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። መፍትሔው ከፍ ያለውን ቦታ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት በትዕግስት መሞረድ ነው። ቀባ፣ ግጠም፣ ፍታ፣ ሞርድ። ጠመኔው አብዛኛውን የሸራ ፊት እስኪነካ ድረስ። አቧራው እንዳይነሳ እርጥብ አድርገው፣ አፍና አፍንጫህንም ሸፍን። የሸራውን የፊት ጫፍ ጠርዝ ትንሽ ሰያፍ አድርገህ ብትሞርደው መጮሁም ይቀንሳል።

ከተከፈተ አይቀር ካሙን አውጥተህ አጽዳና ስስ ግራሶ ቀባው። ስስ ነው ያልኩት! ሙቀት ሲያገኝ ቀልጦ ሸራው ላይ ይንጠባጠባል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም፣ በእሳት ቢለበለብም ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል። ይጣል። ሞላዎቹ ከላሉም ቀይር፤ ሸራውን ወደ ኋላ የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

ስትገጥም አንዲት ነገር አትዝለል። የፐርኖውን፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበትን ብረት፣ ዳዶ ላላ አድርገህ ተወው። ጎማውን አሽከርክርና ፔዳሉን ጠበቅ አድርገህ ረግጠህ ያዝ። እንደረገጥክ ዳዶውን አጥብቅ። እንዲህ ስታደርግ ሁለቱ ሸራዎች ራሳቸው መሃል ላይ ይቀመጣሉ። ደቂቃ አትፈጅም፤ ለውጧ ግን እግርህ ላይ ይታወቅሃል።

የመጋሉ ነገርስ? እንደምገምተው ፍሬኑ አልይዝ ሲልህ የዘንጉን ዳዶ እያጠበቅክ ሄደሃል። ሸራው ሳትረግጠውም ይታሻል፣ ይግላል። ሰንሰለት ስትወጥርም እንዲሁ ነው፤ ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ ዘንጉም አብሮ ይወጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰንሰለት፣ ቀጥሎ ፍሬን። ፔዳሉ ሸራውን ከመንካቱ በፊት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ባዶ ይሂድ። ካስተካከልክ በኋላ ሞተሯ ላይ ሰው አስቀምጠህ ደግመህ እየው፤ የኋላ ጎማውን የያዘው ሹካ ሲንቀሳቀስ ክፍተቱ ሊለወጥ ይችላል።

ጎማውን አንስተህ ስታሽከረክረው በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ሽሽ» ካለ ታምቡሮው ክብነቱን አጥቷል። የጎማው ሽቦዎች እኩል ባለመወጠራቸው ሊመጣ ይችላል። በቶርኖ ማስላጥ ካስፈለገ ሽቦውና ቸርኬው ላዩ ላይ እንዳለ ይሁን፤ አለበለዚያ መልሰህ ስትወጥረው ይጣመማል። ብዙዎቹ ታምቡሮዎች ላይ ስፋቱ የማያልፈው ልክ ተቀርጿል፤ እሱን ካለፈ ሥራውን አቁም።

ጎማው ከገባ በኋላ፣ ከመንዳትህ በፊት፣ የታምቡሮውን ክዳን ከሹካው ጋር የሚያስረውን ብረት እይ። ዳዶው መጥበቁን፣ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ኮፒሊያ መኖሩን በእጅህ ነክተህ አረጋግጥ። እሱ ከተፈታ ክዳኑ ከጎማው ጋር ይዞርና ዘንጉን ይጠመጥማል፤ ያኔ ፍሬንህ ሳትጠይቀው ይይዛል። ከዚያ መንገደኛ በሌለበት ቦታ ለዘብ እያልክ ደጋግመህ ፍሬን ያዝ። ሸራው ፊቱን ይይዛል። ሲበርድ ፔዳሉን አንድ ጊዜ መልሰህ ለካው።