ለጀማሪ የሕክምና ኮደሮች፦ የጣት ኢንፌክሽንን አትናቁት

ውድ ልጆቼ፣

ሐኪም የጻፈውን ሕመም ወደ ኮድ በሚለውጠው የሕክምና መዝገብ ሥራ ላይ ሸምግያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ብዙዎቻችሁ «ኮዱ ኤል03 ነው» ብላችሁ በጥድፊያ ስለምታልፉት የጣት ኢንፌክሽን ነው። እኔ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማሠራው ይህንኑ ነው፤ ካርዱን ከልቡ ማንበቡን ወዲያው ይለይልኛልና።

የዓለም ጤና ድርጅት የሕመሞች ኮድ ዝርዝር የሆነው አይሲዲ-10 የእጅንም የእግርንም ጣት ሴሉላይተስ፣ ማለትም የቆዳና ከቆዳ ሥር ያለ ሥጋ ኢንፌክሽን፣ ኤል03.0 ላይ ያስቀምጠዋል፤ የጥፍር ዙሪያ ኢንፌክሽን የሆነው ፓሮኒኪያም እዚያው ነው። አሜሪካ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሠራበት ቅጂ ግን ይዘረዝራል፤ የቀኝ እጅ ጣት ኤል03.011፣ የግራው ኤል03.012፣ የቀኝ እግር ጣት ኤል03.031፣ የግራው ኤል03.032 ነው። በ9 የሚያልቀው «ያልተገለጸ» ማለት ነው። ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ ካርዱ ላይ ተጽፎ እያለ 9 የሚያስገባ ኮደር በጣም ያሳዝነኛል።

እንዲህ የሚል ካርድ ደረሳችሁ እንበል፦ «የቀኝ እግር አውራ ጣት፤ የጥፍሩ ዳር ቀልቶ አብጧል፣ ሲጫኑት መግል ይወጣል፤ ጥፍሩ ወደ ሥጋ ገብቷል። ፓሮኒኪያ።» ኤል03.031 ብላችሁ ካርዱን አትዝጉ። ወደ ሥጋ የገባው ጥፍር ኤል60.0 የሚባል የራሱ ኮድ አለው፤ እሱ ከተዘለለ የሕመሙ መነሻ ከመዝገቡ ጠፋ ማለት ነው። ሐኪሙ ተሕዋሲውን በስም ከጻፈውም ከቢ95 እስከ ቢ97 ካሉት ተገቢው ይጨመራል። የላቦራቶሪውን ወረቀት ብቻ አይታችሁ ግን አትጨምሩ።

ጣት ያበጠ ሁሉ ኤል03 አይደለም። የጥፍር ፈንገስ ቢ35.1 ነው፣ ካንዲዳ የተባለው የፈንገስ ዓይነት ያመጣው ደግሞ ቢ37.2። ይበልጥ የምፈራው የሄርፒስ ቫይረስ ጣት ላይ የሚያወጣውን ውሃ የቋጠረ ቁስል ነው። ከሩቅ ሲያዩት መግል የያዘ ይመስላል፤ ቦታው ግን ቢ00 ሥር ነው፣ ሕክምናውም ሌላ ነው፤ እንደ መግል አይቀደድም። በስህተት ኤል03 ብላችሁ ካስገባችሁት፣ ሕመሙ ሲመለስ የሚያየው ሐኪም የሚያገኘው ታሪክ የተሳሳተ ይሆናል።

የስኳር ሕመምተኛ ካርድ ሲሆን ደግሞ ቀስ በሉ። የእግር ጣት ኢንፌክሽን ወደ አጥንት ሊዘልቅ፣ እስከ መቆረጥም ሊያደርስ ስለሚችል ስኳሩ መመዝገብ አለበት። ኢንፌክሽኑ ከስኳሩ የመጣ ነው ብሎ መወሰን ግን የሐኪሙ ሥራ ነው። እሱ ካላያያዛቸው እናንተ አታያይዙ፤ ጠይቁት። ስትጠይቁትም «ከስኳሩ የመጣ ነው አይደል?» ብላችሁ መልሱን አፉ ውስጥ አታስገቡ። «የኢንፌክሽኑ መንስኤ ምን እንደሆነ ቢገልጹልን» በሉ፤ መልሱንም በቃል ሳይሆን ካርዱ ላይ ይጻፍላችሁ።