ጠገራው አይታጠብ፣ ካሴቱ አይጣል፦ የድሮ ዕቃ ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ድሮ ዕቃ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። ግማሾቹ «ስንት ያወጣል?» የሚሉ ናቸው። እነሱን ወደ መጨረሻ ገፍቻቸዋለሁ። የቀሩት እነሆ።

«አያቴ ካረፉ በኋላ ሣጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር አገኘን። ጥቁር ብሏል። በሎሚና በአመድ ልፈትገው? ደግሞ ሁሉም ላይ 1780 ተጽፏል። እውነት ያን ያህል የቆየ ነው?» — ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ሎሚውን ለሻይ አድርገው። ጥቁሩ ነገር ቆሻሻ አይደለም። ብር አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚያበጀው ስስ ልባስ ነው። በአመድም ሆነ በጥርስ ሳሙና ስትፈትገው አብሮ የሚላጠው የብሩ ገላ ነው። በላዩ የተቀረጸችው የኦስትሪያዋ እቴጌ የማርያ ቴሬዛ ፀጉር፣ የደረቷ ጌጥ፣ የንስሩ ላባ ሁሉ ይደበዝዛል። አንዴ ከደበዘዘ አይመለስም። ሰብሳቢ ደግሞ የተፈተገ ሳንቲም ገና ሲያየው ነው የሚያውቀው፤ ዋጋውንም ወዲያው ይቆርጣል።

ወደ 1780 እንምጣ። ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ሳንቲሟ ግን ከሷ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲታተም ኖሯል። ምክንያቱ እኛና ቀይ ባሕር ዙሪያ ያሉ ጎረቤቶቻችን ነን። ገበያተኛው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም። ዕንቁዎቿን አንድ በአንድ እየቆጠረ የሚቀበል ነበር። ስለዚህ ቪየና ዓመቱን ሳትቀይር ማተሟን ቀጠለች። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ መቅረጫውን ወስዳ ሮም ላይ ማተም ጀመረች፤ ወረራውን እያዘጋጀች ሳለ መሆኑ ነው። ከዚያ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራሰልስና ቦምቤይም አተሙ። ያያትህ ጠገራ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ አያሳፍርም፤ እንዲያውም ታሪኩን ወደ ራሳችን ያቀርበዋል።

እውነተኛነቱን ለማየት መዝነው። 28 ግራም ገደማ መሆን አለበት። ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ጠርዙ ላይ ከፍ ከፍ ያሉ የላቲን ፊደላት አሉ። ማግኔት ከሳበው ብር አይደለም። ከመካከላቸው የምኒልክ መልክና አንበሳ ያለበት፣ ዓመቱም በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ የሚል ካገኘህ ያ ሌላ ነገር ነው። ንጉሡ ፓሪስ ያስቀረጹት የራሳቸው ብር ነው። ገጠሩ ግን ለረጅም ጊዜ ጠገራውን እንደመረጠ ነበር።

አቀማመጡ ቀላል ነው። እያንዳንዱን ለብቻው አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልል። ለስላሳና ሽታ ያለው ላስቲክ ውስጥ አታስገባው፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ነገር ያወጣበታል። ያንን ጨርቅ ደግሞ እንዳትጥል። ጨርቁን፣ ቋጠሮውን፣ ሣጥኑን ፎቶ አንሣ። አያትህ ማን ነበሩ? የት ኖሩ? ብሩን በምን አገኙት፣ በጥሎሽ ነው ወይስ በቡና ሽያጭ? አክስቶችህ በሕይወት እያሉ ጠይቀህ ጻፍ። ሙዚየም ዕቃ ሲገባለት ቶሎ ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፤ ቁጥር ሰጥቶ ከማን፣ ከየት፣ መቼ እንደመጣ ይመዘግባል። ማጽዳት፣ የሚጸዳ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የባለሙያ ሥራ ነው።

«አባቴ የተዉት ሦስት ካርቶን ካሴትና ጥቂት ሸክላ ቤቴ አለ። ልጆቼ ጣይው ይሉኛል። የቱን ላስቀር?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እመቤቴ፣ ልጆቹን ትንሽ ያስታግሱልኝ። መጀመሪያ ካርቶኑን ለሁለት ይክፈሉት። አንደኛው ወገን ሱቅ የተገዛ ዘፈን ነው። ሁለተኛው ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ስብከት፣ በተለይ ደግሞ የድምፅ ደብዳቤ። ያኔ ስልክ ውድ ነበር፤ ስለዚህ ሰው «እንደምን ከርማችኋል፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» እያለ ካሴት ቀድቶ በመንገደኛ ይልክ ነበር። ዘፈኑ ሌላ ሰው ቤትም ይገኛል። የድምፅ ደብዳቤው ግን በዓለም ላይ ያለው አንድ እርስዎ እጅ ብቻ ነው። ሥራው ከሱ ይጀመር።

ከማጫወትዎ በፊት ካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ይስበሩ። እነሱ ከሌሉ ማንም በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። ሻጋታ ያለበትን በፍጹም አያጫውቱት፤ ማሽኑንም ሌሎቹንም ይበክላል። ለብቻ አስቀምጠው ባለሙያ ያሳዩት። ለረጅም ጊዜ ያልተነካውን አንዴ እስከ ጫፍ አጠንጥነው ይመልሱት፤ የተጣበቀው ይላቀቃል። የቤቱን አሮጌ ማጫወቻም አይመኑት። ጥብጣብ መብላት የሱ ሙያ ነው። ጭንቅላቱ የተጸዳ፣ ጎማው የተቀየረ ማሽን ይፈልጉ።

ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ዋናውን ቅጂ ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው በዋቭ ፋይል ያስቀሩ። የድምፅ ቤተ መዛግብት በድምፅ ጥራት መለኪያ ከ48 ኪሎኸርዝና ከ24 ቢት በታች አይወርዱም። ኤምፒ3ው ለዘመድ በቴሌግራም መላኪያ ይሁን። ቅጂው ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤትዎ ውጭ ቢሆን ጥሩ ነው። ከተገለበጠም በኋላ ካሴቱ አይጣል።

ሸክላዎቹ ትናንሾቹ ባለ 45 ዙር ከሆኑ ሽፋናቸውን ይመልከቱ። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የሙዚቃ አሳታሚ የአምሃ ሬከርድስ፣ ወይም የሌላው አሳታሚ የካይፋ ምልክት ካለበት የውጭ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ዓይነት ነው። ሸክላ በጎኑ ቀጥ ብሎ ይቁም እንጂ አይደራረብ። መኪና ውስጥም አይደር፤ በሙቀት ይጣመማል።

«አንድ ሰው የድሮ የብራና መጽሐፍ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ሥዕል አለው፤ ዋጋውም ደህና ነው። ልግዛ?» — ከአዲስ አበባ

አይሆንም። ቢያንስ እንዲህ ባለ ሁኔታ አይሆንም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዳይኖር አይከለክልም። ግን መመዝገብ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው፦ «ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው የወጣው? ወረቀቱስ?» ከተንተባተበ ሂድ። ብዙ ብራና የፊት ቅጠሉ ወይም የኋላው ላይ የማን እንደነበረ የሚናገር ማስታወሻ አለው። ያ ገጽ ተፍቆ ወይም ተቀድዶ ካየህ ነገሩ ግልጽ ነው። ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ እንጂ መደራደር አያስፈልግም።

ብራና ማየት ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ ምንም ሳትገዛ ማየት ትችላለህ። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረ አንድ ትልቅ ሥራ ነበር። ባለሙያዎች በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ማይክሮፊልም አነሡ፤ መጽሐፎቹ እዚያው በየባለቤቶቻቸው እጅ ቀሩ። ፊልሙ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ካታሎጉን ሲሠሩ ኖረዋል። ብዙው ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባል። መመዝገብ ብቻ ነው፤ ክፍያ የለም። ለእኔ ቅርስ ማካፈል ማለት ይህ ነው። ዕቃው ካለበት ሳይነቀል ምስሉ ዓለምን ይዞራል። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ጭኖ የሄደውን ሲያስቡ ልዩነቱ ይገባል።

«የአባታችንን የአርበኝነት ልብስና ሜዳሊያ ለአንድ ሙዚየም ሰጠን። ልናየው ብንሄድ መስታወት ውስጥ የለም። ጠፍቶ ይሆን?» — ከደብረ ብርሃን

ላይጠፋ ይችላል። ሙዚየም ያለውን ሁሉ አያሳይም። የብሪቲሽ ሙዚየም ወደ 8 ሚሊዮን ዕቃ አለው ይባላል፤ በአንድ ጊዜ ለእይታ የሚወጣው 1 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪው መጋዘን ነው። አንደኛው ምክንያት ቦታ ነው። ሁለተኛው፣ በናንተ ጉዳይ የሚበልጠው፣ ብርሃን ነው። ጨርቅ፣ ወረቀትና ፎቶ በብርሃን ይጎዳሉ፤ ጉዳቱ ደግሞ እየተደመረ ይሄዳል እንጂ ዕረፍት ስላገኘ አይሽርም። ለዚህ ነው ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ዕቃ በ50 ለክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ባለ ደብዛዛ ብርሃን የሚያሳዩት፣ ጥቂት ወራትም አሳይተው ወደ ጨለማ የሚመልሱት። ድንቅነሽ ራሷ እንኳ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ሕዝብ የሚያያት በቅጂዋ ነው። ዋናው አጥንት በተቆለፈ ክፍል ይቀመጣል።

ግን ዝም ብላችሁ አትመኑ። ስታስረክቡ የተፈራረማችሁት ወረቀትና የምዝገባ ቁጥር አለ? ካለ ቁጥሩን ይዛችሁ የስብስብ ክፍሉን ቀጠሮ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። በቁጥሩ ሊያገኙት ይገባል። ቁጥርም ፊርማም ከሌለ ያኔ መጨነቅ ትክክል ነው። በደብዳቤ ጠይቁ፤ መልሱንም በደብዳቤ ተቀበሉ።

«የእናቴ ካባ ሻንጣ ውስጥ ነው። ናፍታሊን ልጨምርበት?» — ከድሬዳዋ

ባትጨምሪ እመርጣለሁ። ሽታው ለሳንባም አይበጅም፤ ከጥልፉም አይወጣም። ብል ካለበት ካባውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለሽ ላስቲክ ውስጥ አየር ሳይዝ እሸጊው፤ ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት አስገቢው። ሙዚየሞችም 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች እያወረዱ ተባይ የሚገድሉት እንዲህ ነው። ስታወጪው ቅዝቃዜው እስኪለቅ እሽጉን አትክፈቺ፤ አለዚያ ጤዛ ያረጥበዋል። የቆዳ ወይም የቀለም ሥዕል ያለበት ነገር ግን ፍሪዘር አይግባ።

«የድሮ ፎቶዎችን ላሚኔት ላስደርግ?» — ከጅዳ

በጭራሽ። አይላቀቅም። ስኮችም አይለጠፍ። ስካን አስደርገሽ ዋናውን ፖስታ ውስጥ አስቀምጪ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኚ፣ የሰዎቹን ስም ጻፊ።

«ከመቶ በላይ የድሮ ዕቃ ሰብስቤያለሁ። ቤቴን ሙዚየም ማድረግ እችላለሁ?» — ከደሴ

ሐረር ሂድና አብዱላሂ ሸሪፍ የሠሩትን እይ። በግላቸው የድሮ የሐረሪ ዘፈን ቅጂዎችን መልቀም ጀመሩ። ብራና፣ ሳንቲም፣ ጎራዴ፣ ጌጣጌጥ እየተጨመረ ሄደ፤ የተጎዳ መጽሐፍ መጠገንንም ተማሩ። ዛሬ ሙዚየማቸው በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ነው። የከተማው ሰው የራሱን ዕቃ ይዞላቸው የሚመጣው ስለሚያምናቸው ነው።

አንተ ግን ከሕንፃ አትጀምር። ከመዝገብ ጀምር። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር፣ ፎቶ፣ ከማን እንደመጣና ያለበትን ሁኔታ ጻፍ። ከዚያ ጣሪያው ያፈሳል ወይ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ደህና ነው ወይ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው ብለህ ጠይቅ። ለባህልና ቱሪዝም ቢሮ አሳውቅ። ከልጆችህ ጋርም ተማከር። ካንተ በኋላ ዕቃው በውርስ የሚበታተን ከሆነ ላንተ ዕቃ የሰጡህ ሰዎች አሁኑኑ ማወቅ አለባቸው።

«ስንት ያወጣል?» — ከብዙዎቻችሁ

ዋጋ ገማች አይደለሁም። ሬዲዮ ሲሠራና ሳይሠራ ዋጋው ሰማይና ምድር ነው። የአማርኛ ታይፕ ከነሣጥኑና ከነደረሰኙ ከሆነ ይሻላል። ስለ ምኒልክ ቴምብር ለጠየቅከው ልጅ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ታትመው የመጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ዕድሜያቸውን ያህል ውድ አይደሉም። ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ ለሰብሳቢ ነው የተሸጡት። በላያቸው የሐሰት ማኅተም የተመታባቸውም አሉ። እውነተኛ ደብዳቤ ላይ ተለጥፎ፣ ማኅተም ተመትቶበት የተጓዘ ከሆነ ግን ወሬው ሌላ ነው። ፖስታው አብሮ አለ? ካለ ቴምብሩን ሳትልጥ በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።