ጎመን ደጅ፣ ቃሪያ መስኮት ላይ፦ የጓሮ ጥያቄዎቻችሁ

ፌብሩዋሪ ሲገባ የደብዳቤው ብዛት ይጨምራል። ብርዱ ገና አልለቀቀም፣ እጅ ግን አፈር ያምረዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሰፋ አድርጌ መልሻለሁ፤ ብዙዎቻችሁ በተለያየ ቃል የጠየቃችሁት እሱኑ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) አሎትመንት፣ ማለትም ለነዋሪ የሚያከራየውን የአትክልት መሬት፣ ሰጠን። ግማሽ ነው፣ 125 ካሬ ሜትር ገደማ። ደስ ብሎን ብንሄድ ሣሩ ወገቤ ድረስ ነው። ባለቤቴ የማረሻ ማሽን ተከራይተን ገልብጠን እንዝራው ይላል። እኔ ፈራሁ። ከየት እንጀምር? ጎመንና ቃሪያ ካገኘን ሌላው ትርፍ ነው።
(የሁለት ልጆች እናት፣ ከሰሜን ለንደን)

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ግማሽ መሆኑም ጥሩ ነው። ሙሉው በድሮው ልክ 10 ፖል ይባላል፣ 250 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ልጅ ለሚያሳድግና ሥራ ለሚውል ሰው እሱ ይከብዳል። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፤ ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ አሎትመንት ለእኛ አይሰጥም እያለ ሳይመዘገብ ይቀራል። እ.ኤ.አ. የ1908ቱ ሕግ ከመሃል ለንደን በስተቀር የእንግሊዝ ካውንስሎች ነዋሪ ሲጠይቅ መሬት እንዲያዘጋጁ ያስገድዳል። ወረፋው ይረዝማል እንጂ ለማንም ክፍት ነው። ለጓደኞችሽ ንገሪልኝ።

ማሽኑን ተዉት። በተተወ አሎትመንት ላይ ሁለት ነገር አይጠፋም። አንዱ የእኛን ሰርዶ የሚመስል፣ ነጭ ሥሩ አፈር ውስጥ የሚሮጥ ሣር ነው፤ እዚህ ካውች ይሉታል። ሌላው ባይንድዊድ ነው፤ ነጭ አበባ ያለው፣ ያገኘው ላይ ሁሉ የሚጠመጠም ሐረግ። ሁለቱም ከቁራጭ ሥር ይበቅላሉ። ማሽኑ አንዱን ሥር ቆራርጦ መሬቱን ሁሉ ያዳርስላችኋል። ለጥቂት ሳምንት ንጹሕ ይመስላል፤ ከዚያ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል።

እንዲህ አድርጉ። ሣሩን እስከ ታች እጨዱት። ዘንድሮ የምትሠሩት አራት መደብ ብቻ ይሁን፣ እያንዳንዱ 1.2 ሜትር በ3 ሜትር። ስፋቱ ከዚያ አይለፍ፤ ከሁለቱም ጎን እጅሽ መሃሉ ላይ መድረስ አለበት። የብስክሌት ወይም የፍሪጅ ሱቅ ሄዳችሁ ትልልቅ ካርቶን ለምኑ። ፕላስተሩን ልጡ፣ ስቴፕሉን ንቀሉ። ጠርዝ ለጠርዝ በስንዝር እያደራረባችሁ አንጥፉት፤ ክፍተት ካለ ሣሩ በዚያው ብቅ ይላል። በደንብ አርጥቡት። በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮምፖስት (ብስባሽ ማዳበሪያ) ድፉ። ለአንድ መደብ 360 ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ በከረጢት ሳይሆን በጅምላ እዘዙ፣ በብዙ ይረክሳል። ካርቶኑ ከሥር ይበሰብሳል፣ ሣሩ ብርሃን አጥቶ ይዳከማል። ባይንድዊዱ ግን ግትር ነው፤ ብቅ ባለ ቁጥር ንቀሉት።

የቀረውን መሬት በጥቁር መሸፈኛ አልብሱትና ለከርሞ አቆዩት። ይህን ስታደርጉ ለአሎትመንቱ ኃላፊ ቀድማችሁ ንገሩ። መሬቱ ጦም ያደረ መስሏቸው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዳይልኩባችሁ።

የለንደን አፈር አብዛኛው ሸክላ ነው። ዋልካ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሲረጥብ ጫማ ይዞ ይቀራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እርጥብ እያለ አትርገጡት። አንዴ ከተረገጠ አየር ያጣል፣ ሥር አይገባበትም። ልጆቹ የሚሄዱበትን መንገድ ከመጀመሪያው ለዩላቸው።

አሁን ወደ ጎመንና ቃሪያው። ይህን ለሁላችሁም ነው የምለው። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ውርጭ ባቄላን ምን እንደሚያደርግ እያየሁ ነው ያደግሁት። ስለዚህ የእንግሊዝን መሬት የማየው እንደ ደጋ ነው። ደጋ ላይ የሚዘራውን ደጅ ዝሩ፦ ጎመን፣ ባቄላ፣ አተር፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት። ሙቀት የለመደውን፣ ቃሪያውን፣ ቲማቲሙን፣ በሶብላውን፣ ከመስታወት ጀርባ አሳድጉ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ቃሪያውን በኤፕሪል ደጅ ተክሎ፣ ጎመኑን ደግሞ ብርድ ይጎዳዋል ብሎ ቤት ውስጥ አፍኖ ነው።

ከእኛ ደጋ የሚለየው የቀኑ ርዝመት ነው። ደብረ ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ወደ 12 ሰዓት ነው። ለንደን በጁን ከ16 ሰዓት ይበልጣል፤ በዲሴምበር 8 ሰዓት አይሞላም። የሐበሻ ጎመን ያን ረጅም ቀን ሲያይ ቅጠሉን ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል። ብዙዎቻችሁ «ዘሩ መጥፎ ነው» ያላችሁት ይህንን ነው። ዘሩ ደህና ነው። በማርች መጨረሻ ዝሪውና ለጋውን ብሉት። ከዚያ በኦገስት መጨረሻ እንደገና ዝሪ። የሁለተኛው ይበልጣል፤ ቀኑ እያጠረ ስለሚሄድ ቅጠል ይሰጣል። ዘሩን እዚሁ ታገኚዋለሽ፣ በ«ቴክስል ግሪንስ» ወይም በ«አቢሲኒያን ካቤጅ» ስም ይሸጣል። ክረምቱን ሙሉ የሚቆም ከፈለግሽ ካቮሎ ኔሮ የሚሉትን ጥቁር አረንጓዴ ጎመን ጨምሪበት። ከሥጋ ጋር ሲቀቀል ጥሩ ነው።

መረብ ግን ግድ ነው። የለንደን እርግብ በጃንዋሪ ሌላ የሚበላው ሲያጣ ጎመኑን አጥንቱን ያስቀረዋል። በበጋ ደግሞ ነጭ ቢራቢሮ አለች። ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ፤ ቢጫ እንቁላል ተጠጋግቶ ተለጥፎ ታገኛላችሁ። በአውራ ጣት ጨፍልቁት። አንድ ሳምንት ብታሳልፉ አባጨጓሬው ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል።

ባቄላውን አሁኑኑ ዝሩ። 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በፍሬና በፍሬ መካከል 20 ሳንቲ ሜትር። ጫፉ ላይ ጥቁር ክሽክሽ የሚባል ጥቃቅን ተባይ ይወጣል፤ ለጋውን ይወዳል። የመጀመሪያዎቹ ቆባዎች ከታች ብቅ ሲሉ ጫፉን በጣት ቀንጥቡት። ክሽክሹ ማረፊያ ያጣል፣ ጉልበቱም ወደ ፍሬው ይሄዳል። ገና ንጹሕ እያለ የተቀነጠበውን አትጣሉ፤ ከጎመኑ ጋር ይቀቀላል። በጁንና በጁላይ እሸት ትበላላችሁ። ልጆቹን ይዘሽ ሂጂ፤ ራሳቸው ፈልፍለው ይብሉ። እሸት ከሱቅ ገዝተው አያውቁትም።

የተረፋችሁን ለጎረቤትና ለወዳጅ ስጡ። አሎትመንት በሕግ ለቤተሰብ ፍጆታ የተሰጠ ነው፣ ለንግድ አይደለም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሊድስ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቃሪያ መስኮት ላይ ይበቅላል? እናቴ በሚቀጥለው ወር ከአዲስ አበባ ትመጣለች። የማረቆ በርበሬ ዘር በሻንጣ ታምጣልኝ?
(ተማሪ፣ ከሊድስ)

መልስ፦ ይበቅላል የኔ ልጅ። ዘሩን ግን አታስመጣ። በርበሬና ቲማቲም ዘር ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ወደ እንግሊዝ አይገባም። ምክንያት አለው፤ የሁለቱን ፍሬ የሚያበላሽ ቫይረስ በዘር ይተላለፋል። እናትህን ኤርፖርት ላይ አታስጨንቃት። እዚህ ካየን ወይም ሴራኖ የሚሉትን ዘር ግዛ። ለጋ ሳለ ሲቆረጥ ከዶሮ ወጥ ጎን የሚቀርብ ቃሪያ ነው።

ማርችን አትጠብቅ፣ በዚሁ ሳምንት ዝራ። ቃሪያ እስኪደርስ ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ለመብቀል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል፤ ብርሃን የሚፈልገው ከበቀለ በኋላ ነው። ቦይለሩ ያለበት ቁም ሣጥን ካለህ እዚያ አስቀምጠው። ብቅ ያለ ዕለት ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት ላይ አውጣው። አንድ ቀን ከዘገየህ ቀጥኖ ይንጠራራል። በየቀኑ ፖቱን አዙረው። መጨረሻ ላይ 5 ሊትር የሚይዝ ፖት ይበቃዋል።

ቤት ውስጥ ንብ የለም። ሲያብብ ግንዱን ቀስ አድርገህ ነቅነቅ አድርገው፣ ወይም በለስላሳ ብሩሽ አበባውን ከአበባ አዳርስ። አበባው ረግፎ ፍሬ የማይዝባችሁ ሁሉ ችግሩ በአብዛኛው ይኸው ነው። አረንጓዴውን ቶሎ ቶሎ ቁረጥ፤ ይተካል። ቀይ ከፈለግህ እስከ ሴፕቴምበር ታገሥ።

እስከዚያው ከሱቅ የገዛኸውን የወጥ ቤት ድንብላልና አብሽ ዝራ። የድንብላሉን ፍሬ በጣትህ ሁለት ቦታ ክፈለው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ዘር ነው።

ጥያቄ፦ ውድ እህቴ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ፍራንክፈርት ክላይንጋርተን (እንደ እንግሊዙ አሎትመንት ያለ የኪራይ ጓሮ) አለኝ። አብዛኛው ሣር ነው፣ የልጅ ልጆቼ ይጫወቱበታል፣ ቅዳሜ ጥብስ እንጠብሳለን። አሁን ማኅበሩ ሲሶውን አትክልት አድርግ ብሎ ደብዳቤ ጻፈብኝ። መብት አላቸው?
(አያት፣ ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ አላቸው ጋሼ። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የጀርመን የክላይንጋርተን ሕግ መሬቱን ከ400 ካሬ ሜትር፣ ቤቱን ከ24 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ያደርጋል። ኪራዩ የረከሰውም መሬቱ የሚበላ ነገር ስለሚያፈራ ነው። ቢያንስ ሲሶው ለፍራፍሬና ለአትክልት ይሁን የሚለውን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቆታል። ሙግት ቢገጥሙ አይረቱም፣ ገንዘብዎ ይባክናል።

ደግሞ ከባድ አይደለም። የፍራፍሬ ዛፍና ቁጥቋጦ ይቆጠራል። በአጥሩ ዳር እንጆሪና ከረንት ይትከሉ፤ እነዚያ ብዙ ልፋት የላቸውም፣ የልጅ ልጆቹም እየለቀሙ ይበላሉ። በቀረው ድንች ይትከሉ። ሳርፖ ሚራ የሚባለውን ዘር ይፈልጉ፤ በዝናብ ወራት ቅጠሉን አጥቁሮ የሚገድለውን በሽታ በደንብ ይቋቋማል። ቲማቲም ካሻዎ ከሜይ 15 በፊት ደጅ አያውጡ። ጀርመኖቹ ከሜይ 11 እስከ 15 ያሉትን ቀናት «አይስሃይሊገ» ብለው የሚጠብቁት በከንቱ አይደለም፤ የመጨረሻው ውርጭ ብዙ ጊዜ በዚያን ሰሞን ይመጣል። ሣሩ ይቀንሳል እንጂ ለኳስ የሚሆን ይተርፍዎታል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ከፈረስ ቤት ፍግ አምጥቼ በደንብ አለበስኩ። ቲማቲሙና ባቄላው ግን ቅጠላቸው ተጠቅልሎ እንደ ፈርን (ለጋ ቅጠሉ ተጠቅልሎ የሚወጣ ተክል) ሆነ። በቆሎው ምንም አልሆነም። በሽታ ነው?
(ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ የፃፍከው ምልክት በሙሉ የሚያመለክተው ፀረ አረም ነው ወንድሜ። አሚኖፒራሊድ የሚባል ኬሚካል አለ፤ የግጦሽ መሬት ላይ ሰፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት ይረጫል። ፈረሱ ድርቆሹን ይበላል፣ ኬሚካሉ ሳይፈርስ በፋንድያው ይወጣል። በቆሎ የሣር ዘመድ ስለሆነ አይነካውም። ባቄላና ቲማቲም ግን በጥቂቱም ይጎዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በመላው እንግሊዝ የአሎትመንት ሰው ያለቀሰበት ነገር ነው፤ ምርቱም ለጊዜው ከገበያ ታግዶ ነበር።

የተረፈ ፍግ ካለህ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምረው። የነካውን አፈር ደጋግመህ ገልብጠው፤ የሚያፈርሰው የአፈር ሕይወት ነው፣ አየር ይፈልጋል። ዘንድሮ በዚያ መደብ ላይ በቆሎ ብቻ ዝራ።

ከእንግዲህ ማንም ሰው የፈረስ ፍግ ሲሰጥህ መጀመሪያ ፈትነው። ሁለት ፖት ውሰድ። በአንዱ ፍጉን ከንጹሕ ኮምፖስት ጋር ቀላቅል፣ በሌላው ንጹሑን ብቻ አድርግ። በየፖቱ ሦስት ሦስት ባቄላ ዝራ። ወር ጠብቅ። የፍጉ ባቄላ ቅጠሉ ከተጠቀለለ ፍጉን መልስ። ሰጪውንም ድርቆሹ ምን እንደተረጨ ጠይቀው፤ ብዙዎቹ ሳያውቁ ነው የሚሰጡት።

ጥያቄ፦ ጤና አዳም በጓሮዬ ተክዬ ነበር። በበጋ ስቆርጥ ውዬ በማግሥቱ ክንዴ ተቃጥሎ ውሃ ቋጠረ። ቡዳ ነው ይሉኛል።
(ከሉተን)

መልስ፦ የጤና አዳም ጭማቂ ነው እህቴ። ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ጠባሳው ለወራት ሊቆይ ይችላል። ጓንትና ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ ቁረጪውም ፀሐይ ከገባች በኋላ። ከነካሽ ወዲያው በሳሙና ታጠቢ። የቋጠረውን አታፍርጪው፤ ከሰፋ ወይም ካመረቀዘ ሐኪም ይየው። ልጆች ካሉሽ ከመጫወቻቸው ራቅ አድርገሽ አዛውሪው። ማርች ላይ ቢነቀል በቀላሉ ይይዛል፤ ደረቅ፣ ውሃ የማይቋጥር ቦታ ስጪው።