መጀመሪያ ሉፑን ለኩ

ይህን የምጽፈው የጨርቃጨርቅ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ ኒቲንግ (ሹራብ ጨርቅ የሚሠራበት) ክፍል ለምትገቡ ልጆች ነው። ዘንድሮ ከብዙ አዲስ ምሩቃን ጋር አወራሁ። ኮምፒውተሩን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። የክር ቁጥር፣ ጌጅ (በአንድ ኢንች ያለው የመርፌ ብዛት)፣ የማሽን ፍጥነት አስገብተን የጨርቁን ክብደትና ሽሪንኬጅ (ሲታጠብ የሚያጥረውን) ቀድሞ የሚነግረን ሞዴል እንሥራ ስትሉኝ ከልቤ ደስ ይለኛል። ሉፕ ማለት በአንድ መርፌ ላይ የምትገባው ያቺ የክር ቁራጭ ናት። ግን "የሉፑን ርዝመት ከየት አመጣችሁት?" ብዬ ስጠይቅ፣ ብዙዎቻችሁ "ማሽኑ ላይ ካለው ቁጥር" ትሉኛላችሁ። እዚህ ጋ ቆም በሉ።

በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ አንድ የሲንግል ጀርሲ (ካናቴራ የሚሠራበት ስስ ሹራብ ጨርቅ) ትዕዛዝ መጣልን። 160 ግራም በካሬ ሜትር። ጥቅሉ ከማሽን እንደወረደ ቆርጬ መዘንኩት፣ 160 አለ፣ ፈረምኩ። ጨርቁ ገና ከማሽኑ ጉተታ እንዳላረፈ አላሰብኩም ነበር። ከቀለም ቤት ሲመለስ ውሃው አሳርፎት፣ ተሰብስቦ ወደ 180 ግራም ተጠግቷል፤ ወርዱም ጠቧል። ፊኒሺንግ ያሉት ልጆች ደግሞ ስቴንተር (ጨርቁን በወርዱ ወጥሮ የሚያደርቅ ማሽን) ላይ በግድ ወጥረው ወርዱንም ክብደቱንም ወረቀቱ ወደሚለው አመጡት። ካናቴራው ተሰፍቶ ተላከ። ገዢው ሲያጥበው ጨርቁ ወደ ተፈጥሮው ተመለሰና አጠረ። የተመለሰብን ዕቃ ስፌት ክፍል ያሉ እህቶቻችን ትርፍ ሰዓት ሠርተው የጨረሱት ነበር። የዚያን ቀን ሐፍረት እስካሁን አልረሳውም።

ነገሩ ቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነበር። ሙንደን የተባለ ተመራማሪ በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ያረፈ ሲንግል ጀርሲ መጠኑን በዋናነት የሚወስነው የሉፑ ርዝመት እንደሆነ አሳይቷል። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉትን ሉፖች ቁጠሩ፣ በሴንቲሜትር በተለካው የሉፑ ርዝመት ካሬ አባዙት። ውሃ ውስጥ ገብቶ ባረፈ ጨርቅ ላይ ውጤቱ 21.6 አካባቢ ይመጣል። ደረቅ ሆኖ ባረፈው ላይ ደግሞ 19 አካባቢ ነው። የእነዚህ የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የእኔ 160 ወደ 180 ከሄደበት ጋር ይቀራረባል።

ከዚህ ተነስታችሁ ክብደቱን በስልካችሁ ካልኩሌተር ማውጣት ትችላላችሁ። 21.6ን በክሩ ቴክስ (የ1,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም) አባዙ፣ በሉፑ ርዝመት በሚሊሜትር አካፍሉ። ቁጥር 30 የጥጥ ክር 19.7 ቴክስ ገደማ ነው። ሉፑ 2.8 ሚሊሜትር ከሆነ 152 ግራም አካባቢ ይወጣል። 2.7 ስታደርጉት ከ157 በላይ ይሆናል። አስቡት፣ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው የተነካው፤ እሷ ግን ከ5 ግራም በላይ ትወስዳለች፣ ከአንድ ኪሎ ጨርቅ የሚወጣውን የካናቴራ ብዛትም ትቀይራለች። ለዚህ ነው ግምት የማይበቃው።

አለካኩ ቀላል ነው። ጨርቁ ላይ 100 ሉፕ ቆጥራችሁ ምልክት አድርጉ፣ ክሩን ተርትሩ፣ እጥፋቱ እስኪዘረጋ ብቻ ቀስ አድርጋችሁ ወጥሩት፣ ለክታችሁ ለ100 አካፍሉ። ከአንድ ቦታ ብቻ እንዳይሆን፤ ከተለያዩ ፊደሮች (ክሩን ለመርፌዎቹ ከሚያቀብሉት ክፍሎች) የገባውን ክር ውሰዱ፣ ምክንያቱም አንዱ ፊደር ካጠረ ጨርቁ ላይ መስመር ይወጣል። ካሙ (መርፌዎቹን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ክፍል) ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ክሩን በቀበቶ እየለካ የሚያስገባ ማሽን ላይ ርዝመቱን የሚወስነው የቀበቶው ፑሊ (ቀበቶውን የሚያዞረው መዘውር) ነው፣ ካሙን ስታጠብቁና ስታላሉ በዋናነት የሚቀየረው የክሩ ውጥረት ነው። ባለ 30 ኢንችና ባለ 24 ጌጅ ማሽን 2,260 አካባቢ መርፌ ይይዛል። ሉፑ 2.8 ከሆነ እያንዳንዱ ፊደር በአንድ ዙር 6.3 ሜትር ያህል ክር መስጠት አለበት። ይህን በክር መለኪያው አረጋግጡ።

ሚዛኑንም አትመኑት፤ ሚዛኑ ተበላሽቶ ሳይሆን ጥጥ እርጥበት ስለሚጠጣ ነው። ሐምሌ ጠዋት የመዘናችሁትና የካቲት ከሰዓት በኋላ የመዘናችሁት አንድ አይነት ጨርቅ ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል። ላብራቶሪው 20 ዲግሪና 65 በመቶ እርጥበት ላይ ካልሆነ ቢያንስ ሰዓቱንና እርጥበቱን አብራችሁ ጻፉ።

ሞዴሉን ተዉት እያልኩ አይደለም። ላይክራ (የሚለጠጥ ክር) ሲገባ፣ ማለስለሻ ሲጨመር፣ ወይም ካናቴራው ታጥቦ የጎን ስፌቱ ወደ ፊት ሲዞር (ይሄ ብዙውን ጊዜ ከክሩ ጥምዝ የሚመጣ ነው) ቀላሏ ቀመር አትደርስም። እዚያ ኒውራል ኔትወርክ (ከብዙ መረጃ የሚማር የኮምፒውተር ሞዴል) ይጠቅማል። ግን ምን ታበሉታላችሁ? የብዙ ፋብሪካ መዝገብ ያለፈውን ጥቅል ብቻ ይይዛል። የተጣለው፣ የተመለሰው፣ ስቴንተር ላይ ተወጥሮ "የተስተካከለው" አይጻፍም። እንዲህ ባለ መዝገብ የሠለጠነ ሞዴል ጨርቁ መቼ እንደሚበላሽ ሊነግራችሁ አይችልም፣ አይቶት አያውቅማ። የተበላሸውን ከእነምክንያቱ የምትጽፉት እናንተ ሁኑ፣ አለቃ ቢቆጣም።

ማሽን ላይ ዓመታት የቆየችውን ኦፕሬተርም ጠይቋት። እኔ ያወቅኳት አንዲት ሴት ጨርቁን በሁለት ጣቷ ይዛ "ይሄ ላልቷል" ትል ነበር። ተርትረን ስንለካ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበረች። እሷ ያለችውን በደብተሬ አንድ ዓምድ ከፍቼ መጻፍ የጀመርኩት በጣም ዘግይቼ ነው።

ነገ ሺፍት ስትገቡ ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ታጥቦ ሲያርፍ ስንት ግራም ይሆናል እንደምትሉ በእጃችሁ ጻፉ። ቀን አስገቡበት። ከዚያ ከጥቅሉ ጫፍ ቁረጡ፣ ሉፑን ለኩ፣ ቁራጩን አጥባችሁ ሳትጎትቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ በማግስቱ መዝኑት። ልዩነቱን ከጎኑ ጻፉ። ከ50 ጥቅል በኋላ ኑና እንነጋገር፣ ያኔ ሞዴሉን አብረን እንሠራለን።