መልስ፦ ከባድ ቤዝ ባለው ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ላይ ሃርድዌር ኮምፕሬሰርን ስለመጠቀም

ውድ ጠያቂ፣ ጅማ ሂርማታ በሚገኘው ስቱዲዮዎ ውስጥ ሙሉውን ሚክስ (የተዋሃደውን ሙዚቃ) በሃርድዌር ኮምፕሬሰር (ከፍ ያለውን ድምፅ ጨብጦ ዝቅ በሚያደርግ መሣሪያ) ሲያሳልፉት፣ ኪኩ (ትልቁ ከበሮ) በተመታ ቁጥር ሲንቱ (ኤሌክትሮኒክ ድምፅ አመንጪው) እና ድምፃዊቷ አብረው ዝቅ እንደሚሉ ጽፈዋል። ምክንያቱ ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ (ቤዙ) ከሁሉ የበለጠ ጉልበት ስለሚይዝና ኮምፕሬሰሩም በዋናነት ለእርሱ ስለሚታዘዝ ነው። መሣሪያው የሳይድቼይን ሃይ ፓስ ፊልተር (ኮምፕሬሰሩ ከሚያዳምጠው ድምፅ ውስጥ ቤዙን የሚቀንስ ማጣሪያ) ካለው ከ100 እስከ 150 ኸርዝ ባለው መካከል ያድርጉት፤ ቤዙ ከሙዚቃው አይቀነስም፣ ኮምፕሬሰሩን የማዘዝ ኃይሉ ብቻ ይቀንሳል።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሪሊዙ (ኮምፕሬሰሩ የጨበጠውን ድምፅ ለመልቀቅ የሚፈጅበት ጊዜ) ላይ ነው። የ50 ኸርዝ አንድ ሞገድ 20 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ፣ ሪሊዙ ወደዚያ በተጠጋ መጠን ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ሞገድ ላይ እየጨበጠና እየለቀቀ ቤዙን ያሻክረዋል። አታኩን (ኮምፕሬሰሩ ድምፁን ለመጨበጥ የሚፈጅበትን ጊዜ) ወደ 30 ሚሊሰከንድ ቢያዘገዩት የኪኩ ምት ሳይደፈጠጥ ያልፋል። 1176 የተባለውን ኮምፕሬሰር፣ እጅግ ቀርፋፋው አታኩ እንኳ 1 ሚሊሰከንድ ስለማይሞላ፣ ለሙሉ ሚክስ አልመርጠውም፤ ለብቻው ለተቀዳ ቤዝ ጊታር ግን ግሩም ነው። ሬሾውን (ድምፁ የሚቀነስበትን ልክ) ከ2 ለ1 ይጀምሩ፣ የቅነሳውን መጠን የሚያሳየው መርፌም ከ3 ዴሲቤል በላይ እንዳይወርድ ይጠብቁ። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰዓት ደግሞ መሣሪያውን ያለ ስታቢላይዘር ባያበሩት ይሻላል።