ፎቅ ላይ እሳት ቢነሳ፦ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄው ክፍት ነው፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ ያላችሁ 939ን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የእሳት አደጋ ነጻ መስመር ነው።

ከጀሞ፣ 3ኛ ፎቅ፦ ሰላም ጋሼ። ከእኔ በታች ያለ ቤት ቢቃጠል ሮጬ ልውረድ ወይስ ቤቴ ልቆይ? ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የሚነግረኝ።

የሚወስነው ደረጃው ነው። በሩን ከመክፈትዎ በፊት የእጅዎን ጀርባ ወደ በሩና ወደ እጀታው ያስጠጉ። ከጋለ አይክፈቱ። ካልጋለ ትንሽ ገርበብ አድርገው ይመልከቱ። ደረጃው ጥርት ያለ ከሆነ ቤተሰቡን ይዘው ይውረዱ፤ የሚያዘው ቁልፍና ስልክ ብቻ ነው። በሩን ከኋላዎ ይግጠሙት፣ ግን አይቆልፉት።

ደረጃው ጭስ ከሞላው አይሞክሩት። ሰው በብዛት የሚሞተው በነበልባል ሳይሆን በጭስ ነው። ከሶፋና ከፍራሽ ስፖንጅ የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ የሚባሉ መርዛማ ጋዞች ስላሉበት ጥቂት ትንፋሽ ይበቃዋል፣ ሰውየው ደረጃው መሃል ይወድቃል። እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ ማድረግ ጥላሸቱን ይቀንሳል እንጂ ጋዙን አያስቀርም። ስለዚህ «ነጠላዬን አርጥቤ እወርዳለሁ» የሚለውን ይተዉት።

ቤት ከቀሩ በሩን ዘግተው ፎጣ ወይም አንሶላ በደንብ ያርጥቡና ከበሩ ሥር ይጠቅጥቁ፤ የቁልፉን ቀዳዳም ይድፈኑ። ከዚያ ወደ በረንዳ ወጥተው የበረንዳውን በር ከኋላዎ ይዝጉ። 939 ደውለው ያሉበትን ብሎክ፣ ፎቅና የቤት ቁጥር ይንገሩ። ቀን ከሆነ ነጭ ጨርቅ ያውለብልቡ፣ ሌሊት ከሆነ የስልክ መብራት ያብሩ። በረንዳ ከሌለ ከእሳቱ በራቀው ክፍል መስኮት ሥር ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ ንጹሑ አየር ወለሉ አጠገብ ነው። ጣሪያ ላይ መውጣት አይታሰብም፣ ጭሱም ወደዚያው ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቆዩት ባለ 4 ፎቅ ብሎኮች ብዙዎቹ ደረጃቸውና ኮሪደራቸው በአንድ ወገን ለአየር ክፍት ነው። ዝናብ ያስገባል ብለን እናማርራለን እንጂ ጭሱ የሚወጣው በዚያ ነው። በላሜራና በመስታወት የደፈናችሁት ብሎክ ካለ፣ ደረጃውን ጭስ ማውጫ አድርጋችሁታል ማለት ነው።

ከየካ አባዶ፦ በሩን መዝጋት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ተራ የእንጨት በር እኮ ነው።

ያመጣል። ተራ በር እንኳ ከተዘጋ ደቂቃዎችን ያስገኛል። ዘመናዊ ዕቃ የሞላው ሳሎን ደግሞ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ሊያያዝ ስለሚችል፣ ያቺ ደቂቃ ቀላል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ባለ 19 ፎቅ ሕንፃ ላይ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተነሳ እሳት 17 ሰው ገድሏል። ነበልባሉ ከተነሳበት ቤትና ከፊቱ ካለው ኮሪደር ብዙም አላለፈም። ነገር ግን የዚያ ቤት በርና ላይኛው ፎቅ ላይ ያለ የደረጃ በር ሳይዘጉ ቀሩ፤ ጭሱ እስከ ላይ ወጣ። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ በራሱ የሚዘጋውን በር በጫማ ወይም በድንጋይ አስደግፋችሁ አትተዉት።

የ40/60 ነዋሪ፣ 9ኛ ፎቅ፦ ሊፍት?

በፍጹም። መብራት ሲቋረጥ መሃል ላይ ይቆማል፣ ወይም እሳቱ ያለበት ፎቅ ላይ ወስዶ በሩን ይከፍትልዎታል።

እናት ከሰሚት፦ ሌባ ፈርተን መስኮቱን ሁሉ በብረት ፍርግርግ አጥረናል። የኮሪደሩ የብረት በርም ሌሊት በጓጉንቸር ይቆለፋል። እሳት ቢነሳስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

እህቴ፣ ስጋትሽ ልክ ነው። ለእኔ ከኤሌክትሪክ ቀጥሎ የኮንዶሚኒየም ትልቁ አደጋ ይሄ ነው። ፍርግርጉን ማንሳት የለብሽም። ብየዳ የሚሠራ ሰው ጠርተሽ ከእያንዳንዱ መኝታ ቤት አንዱን ፍርግርግ በማጠፊያ እንደ መስኮት የሚከፈት ያድርገው። ሰው የሚያሳልፍ ስፋት ይኑረው፣ ወደ ውጭ ይከፈት። ቁልፉ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከውጭ እጅ ሲዘረጋ በማይደርስበት ቦታ ምስማር ላይ ይንጠልጠል። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ቁልፍ በጭስ ውስጥ አይገኝም። በወር አንድ ጊዜ ክፈቺው፤ ቀለም ተቀብቶ ወይም ዝጎ የተጣበቀ ጓጉንቸር ብዙ ነው።

የኮሪደሩን በር በተመለከተ፣ ከውስጥ ቁልፍ ሳያስፈልግ የሚከፈት መወርወሪያ ይሻላል። ማኅበሩ እምቢ ካለ የእያንዳንዱ አባወራና የጥበቃው እጅ ላይ ቁልፍ ይኑር። እግረ መንገድሽንም ደረጃው ሥር የተከመረውን አሮጌ ፍራሽ፣ የከሰል ማዳበሪያና ጀሪካን አስነሺ።

ከጎተራ፦ ምጣዱ ሲሰካ ብሬከሩ ይወርዳል። ኤሌክትሪሺያኑ በባለ 32 አምፔር ቀይሮልኝ አሁን አይወርድም። ችግር አለው?

አለው፣ ያውም ትልቅ። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ነው። ለተራ ሶኬት የተዘረጋው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ብሬከሩ ይወርድ የነበረው ሽቦውን ለማዳን ነበር። አሁን 32 ሲሆን ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ ሊቀልጥ ይችላል። 32ቱን ያስነሱ። ለምጣዱ ብቻ ከብሬከር ሳጥኑ ተነስቶ ሌላ ሶኬት የማይጋራው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ያስዘርጉ፣ በ20 ወይም በ25 አምፔር ብሬከር።

ምጣድን በኤክስቴንሽን መጠቀም ጨርሶ አይሆንም። ገበያ ላይ ያለው ኤክስቴንሽን ሽቦው አንዳንዴ ከ1 ካሬ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ጋግረው ሲጨርሱ ሶኬቱን ነቅለው ፕለጉን ይንኩት። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ወይም እግሮቹ ዙሪያ ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ከተሸበሸበ፣ ውስጡ የላላ ብሎን አለ። ያን ቀን ያስቀይሩት።

ሌላም አለ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ። ምድጃው ላይ ተጥዶ ሳለ መብራት ይጠፋል፣ ይረሳል፣ ሰው ይወጣል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ባዶ ቤት ውስጥ ይመጣል። መብራት እንደጠፋ ምድጃውን፣ ምጣዱንና ካውያውን ንቀሉ።

ዘይት ተቀጣጥሎብኝ ያውቃል፣ ውሃ ልደፋ ስል ባለቤቴ ያዘኝ።

ባለቤትዎ እጃቸው ይባረክ። አንድ ሊትር ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር 1,700 ሊትር ያህል ይሆናል። ከጋለው ዘይት ሥር ገብቶ በዚያ መጠን ሲፈነዳ የሚነደውን ዘይት ጣሪያ ድረስ ይረጨዋል። ምድጃውን ያጥፉ፤ የድስቱን ክዳን ወይም የብረት ትሪ ከራስዎ ወደ ፊት እያንሸራተቱ ይክደኑ፤ ግማሽ ሰዓት አይክፈቱት። ድስቱን አንስቶ ወደ ውጭ መሮጥ የለም፤ እጅና እግር የሚቃጠለው ያኔ ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ የጋዝ ሲሊንደር በረንዳ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል ወይስ ኩሽና?

አየር የሚያገኝ በረንዳ፣ ቆሞ፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው ቦታ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ሽታው ሲመጣ ማብሪያ ማጥፊያ አይንኩ፣ ማጥፋትም ቢሆን ብልጭታ አለው። ቫልቩን ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ወጥተው ይደውሉ። ጎማውን በየጊዜው በሳሙና አረፋ ይፈትሹት፣ አረፋ ከሠራ ያስተነፍሳል። ጎማው ላይ እሳት ከተያያዘና ቫልቩ ላይ መድረስ ከቻሉ ይዝጉት። መድረስ ካልቻሉ ነበልባሉን ለማጥፋት አይታገሉ፤ ሳይነድ የሚወጣው ጋዝ ተጠራቅሞ ይፈነዳል። ሕንፃውን ለቀው ይውጡ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሲሊንደር እንዳለ ይንገሩ።

የእሳት ማጥፊያ ልግዛ? ስንት ኪሎ?

ባለ 6 ኪሎ የዱቄት፣ ኤ ቢ ሲ የሚል የተጻፈበት። የግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ ይሁን። መውጫ በር አጠገብ ይሰቀል እንጂ ምድጃው አጠገብ አይሆንም። ፒኑን ነቅለው ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቀው፣ ጀርባዎን ለበሩ ሰጥተው፣ የእሳቱን ሥር ግራ ቀኝ ይርጩ። የሚቆየው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ነው። በዚያ ካልጠፋ ወጥተው በሩን ይዝጉ።

ከቂሊንጦ፦ የእሳት አደጋ መኪና ዘገየ ሲባል እንሰማለን። ከእኛ በኩል ምን ይደረግ?

ሲደውሉ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የሳይቱን ስም፣ ብሎክና ፎቅ በዚህ ቅደም ተከተል ይናገሩ። ከዚያ ምን እንደሚነድ፣ ውስጥ የቀረ ሰው እንዳለ። ስልኩን እነሱ እስኪዘጉ አይዝጉ። የብሎክ ቁጥር ብዙ ቦታ ተፍቋል፣ ስለዚህ አንድ ወጣት ዋናው መግቢያ ላይ ቆሞ ይምራቸው። መኪናው ሰፊ ነው፤ ከ3 ሜትር ተኩል የጠበበ መግቢያ ያስቸግረዋል። በየብሎኩ መሃል የሚቆሙት መኪኖችና መግቢያው ላይ የተተከለው ዝቅተኛ የብረት ቅስት መጀመሪያ የሚነሱ ናቸው።

ከዱባይ፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው፣ 22ኛ ፎቅ። ሲወጡ ከውጭ ይቆልፉብኛል።

እህቴ፣ እዚያ የእሳት አደጋ ስልኩ 997 ነው። የሕንፃውን ስምና የቤቱን ቁጥር በወረቀት ጽፈሽ ያዥ፣ ሲጨንቅ ይጠፋል። በር መቆለፉ አደገኛ እንደሆነ ለአሠሪዎችሽ በእሳት ምክንያት አስረጂያቸው፣ መለዋወጫ ቁልፍ ውስጥ ይቀመጥ። እሳት ቢነሳ መስኮት ላይ አትንጠልጠይ። እዚያ ያሉ ፎቆች አንዳንዶቹ የውጭ ልባሳቸው ተቀጣጣይ ነው፤ ዘ ቶርች የተባለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2017 በውጭ በኩል ነዷል። ስለዚህ እሳቱ በውጭ ግድግዳ እየወጣ ከሆነ መስኮቱን ዝጊ፣ መጋረጃውን ገንጥለሽ ጣዪ፣ ወደ ሕንፃው መሃል ወዳለ ክፍል ግቢና በሩን ዝጊ፣ ያለሽበትንም በስልክ ንገሪያቸው።

የተቃጠለ ሰው ላይ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ ይቀባል። ይረዳል?

አይረዳም፣ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፣ ሐኪሙም መልሶ መፋቅ ይኖርበታል። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ 20 ደቂቃ ያፍስሱበት። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ሳያብጥ ያውልቁ። ንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ወደ ሐኪም። ሌላው፣ ከጭስ የወጣ ሰው ድምፁ ከጎረነነ፣ አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት ካለ፣ ራሱን ካመመው ወይም ከተደናበረ «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ይሂድ። አየር መንገዱ ከሰዓታት በኋላ ሊያብጥ ይችላል።

እናቴ 4ኛ ፎቅ ነው ያሉት፣ መራመድ አይችሉም። እንዴት ላውርዳቸው?

ደረጃው ንጹሕ ከሆነ ጠንካራ ወንበር ላይ ያስቀምጡና ሁለት ሰው ይያዝ፣ አንዱ ከኋላ፣ ሌላው ከፊት ሆኖ የወንበሩን እግር። ከአንድ ጎረቤት ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፣ አንድ ቀንም ባዶ ወንበር ይዛችሁ ሞክሩት፤ መታጠፊያው ላይ የሚያሰናክላችሁን ያኔ ታያላችሁ። ደረጃው ጭስ ካለው ከላይ ለጀሞው ወንድም የነገርኩትን ያድርጉ፤ የእናትዎን አልጋም ከአሁኑ ወደ በረንዳው ወዳለው ክፍል ያዛውሩ።