ዋናው ነገር ከታች ሲደበቅ፦ የስላይድ ጥያቄዎቻችሁ

ሰኔ ደርሶ ሁሉም ሪፖርት ሊያቀርብ ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፕረዘንቴሽን ናቸው።

ለ20 ደቂቃ ስንት ስላይድ ይበቃል?

10። ካነሰም ጥሩ።

ቢሮ የሠራሁት የአማርኛ ስላይድ አዳራሽ ውስጥ ስከፍተው ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆነብኝ።

የአዳራሹ ኮምፒውተር ፎንትህ የለውም ማለት ነው። ፓወር ፖይንት ላይ ፋይል፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሴቭ ውስጥ ገብተህ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲቀመጥ ምልክት አድርግ። በፒዲኤፍም ፍላሽ ላይ ያዝ። ከሳጥን ይልቅ ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ምልክት ከመጣ ግን ጽሑፉ በድሮው፣ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚጋራው የፊደላት ኮድ) ባልሆነ ፎንት የተተየበ ነው። ለእሱ አይቲ ክፍላችሁን ጠይቅ።

የብድርና ቁጠባ ማኅበር ሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንባቢ፦ የብድር አመላለሳችን ከ92 ወደ 81 በመቶ ወርዷል፤ አለቃዬ ግን ቦርዱ እንዳይደነግጥ ከታች በትንሹ ጻፊው አሉኝ።

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አትጻፊው፣ እንደዚያ አትጻፊው።

በጥር 2003 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ስትወነጨፍ፣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታው። ገና ህዋ ላይ እያለች መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው ለኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። የዋናው ስላይድ ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር። ከግርጌው፣ በዝርዝር ውስጥ ተቀብሮ፣ ሌላ ነገር ተጽፏል፦ ክንፉን የመታው ቁራጭ 1920 ኪዩቢክ ኢንች ይገመታል፣ ግምገማው የተመሠረተበት የሙከራ ቁራጭ ግን 3 ኪዩቢክ ኢንች ነው። 640 እጥፍ! ይህ ነበር ርዕስ መሆን የነበረበት። የካቲት 1 ቀን (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) መንኮራኩሯ ስትመለስ ተበታተነች፣ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። ስላይዱ ነው የገደላቸው አልልም። ግን የምርመራ ቦርዱ ራሱ በሪፖርቱ ያንን ስላይድ አንስቶ፣ አንድ ኃላፊ አንብቦት የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እንዳለ ላይረዳ ይችላል ብሏል።

የእናንተ ጉዳይ ገንዘብ ነው፤ ግን የስንት ሰው ቁጠባ ነው። ስለዚህ ርዕሱን «የብድር አመላለስ» ብለሽ አትለፊው። «የብድር አመላለስ ከ92 ወደ 81 በመቶ ወርዷል» በይና ከሥሩ አንድ ግራፍ አድርጊ። ምክንያቱን በአፍሽ አስረጂ፣ ዝርዝሩን በወረቀት አባዝተሽ አድዪ። አለቃሽን ደግሞ ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው አነጋግሪያቸው። ቦርዱ ዛሬ ከእሳቸው ቢሰማ ይሻላል ወይስ ነገ ከኦዲተር?

ስላይዴ በእንግሊዝኛ ነው፣ የማወራው በአማርኛ፤ ችግር አለው?

አለው! ሰው በዓይኑ እንግሊዝኛ እያነበበ በጆሮው አማርኛ መከታተል ይከብደዋል፤ አንዱን ይተወዋል። ያልገባው ደግሞ በሰው ፊት «አልገባኝም» አይልም፣ ዝም ብሎ ወጥቶ ይሄዳል። ስብሰባው በምን ቋንቋ ነው የሚወስነው? ስላይዱም በዚያው ይሁን። አማርኛ ያልተለመደለት ቃል ካለ በግእዝ ፊደል እንዳለ ጻፈው።

ግራፉ ላይ የኛን ዓመት ወይስ የፈረንጁን?

ተሰብሳቢው የሚቆጥርበትን። ብቻ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለውን አትርሱ።

መናገር ስጀምር እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ጓደኛዬ ፕሮፕራኖሎል የሚባል ኪኒን ሰጠችኝ። አስም አለብኝ፣ ግን ቀላል ነው።

አትዋጪው! ይህ መድኃኒት አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ሊያጠብበው ይችላል፣ «ቀላል» የሚባለውንም ጨምሮ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስለ አስሙም ስለ መንቀጥቀጡም ንገሪ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ፤ በዚህ ሳምንት ሂጂ፣ ኪኒኑንም ለጓደኛሽ መልሺላት። ከእኔ የምታገኚው ይህችን ብቻ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃልሽ ያዢ፣ ማስታወሻሽን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ። ወረቀት በእጅ ሲያዝ መንቀጥቀጡን ያጎላዋል።

መብራት ቢጠፋስ?

ዋናዎቹን ቁጥሮች የያዘች አንድ ገጽ በተሰብሳቢው ልክ አባዝተህ ያዝ። እሷን አድለህ ቀጥል።